አንድ ክፍል ስጡን፣ ሌላውን ለእኛ ተዉት

ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ለደብረ ብርሃን ከተማ ጤና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚገናኙበት ክፍልና የግድግዳ ማስታወቂያ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። መዝገብ ቤት ለዓመታት ስለሠራሁ ደብዳቤ የት ገብቶ እንደሚቀር አውቃለሁ። «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ይባልበትና እዚያው ያርፋል። ይህኛውን በግልጽ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የምጠይቀውም ትንሽ ነገር ነው። በጀት አያስፈልገውም። እንዲያውም በጀት ይዛችሁ ብትመጡ አንቀበልም፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ መጠጥ ያሸነፈው፣ ግን ማቆም የሚፈልግ ሰው፣ እንደሱ ካሉ ሰዎች ጋር በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጦ የሚያወራበት የታወቀ ቦታ ይኑር። ቦታውና ሰዓቱም ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

መጠጥ የፈለገ ሰው ማንንም አይጠይቅም። ጠላ ቤቱ በር ላይ ዘንግ ላይ የተደፋ ጣሳ አለ፣ ከሩቅ ይታያል። አረቄ ቤቱን አገሩን የማያውቅ እንግዳ እንኳ አያጣውም። ከተማችን ደግሞ የቢራ ፋብሪካም አላት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዶታል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። እሰየው። ግን ለመጠጣት ማስታወቂያ ያስፈለገው ሰው እኔ አላውቅም። ማስታወቂያ የሚያስፈልገው ለመተው ነው።

የምናገረው ከቤቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ልብስ ሰፊ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ እሱ ያጠበበው ሱሪ፣ እሱ ያሳጠረው ቀሚስ ስንት ቤት እንዳለ እግዜር ይቁጠረው። ጠዋት ሱቁን ይከፍትና ሲንጀሩ ፊት ይቀመጣል። ክሩን በምራቁ አርጥቦ ያሾላል። ወደ መርፌዋ ቀዳዳ ያስጠጋል። ክሩ በቀኝ ያልፋል። ደግሞ በግራ ያልፋል። ትንሽ ያርፍና እንደገና ይሞክራል። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ይጠራል፤ «ና እስቲ ይቺን አስገባልኝ።» ልጁ የጋሼ ዓይን የደከመ ይመስለዋል። ዓይኑ ግን ደህና ነው፤ የሚንቀጠቀጠው እጁ ነው። ከዚያ መለኪያ ይመጣል። የመጀመሪያውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው፣ ግማሹ ጋቢው ላይ ይፈሳል። ከሁለተኛው በኋላ እጁ ቀጥ ይላል፣ ክሩም በአንዴ ይገባል። ይህንን ያየ ሰው «እሱ እኮ ሲቀምስ ነው ሥራው የሚያምር» ይል ነበር። እሱም አመነው።

ደግሞ ማቆም የማይችል ሰው እንዳይመስላችሁ። በፊት በፊት ሁዳዴ ሲገባ ያቆማል። 55ቱን ቀን አፉ ላይ አያደርግም። ቤታችን ሰላም ይሆናል፣ እናታችን «ዘንድሮስ ሰው ሆነልኝ» ትላለች። ፋሲካ ሌሊት ሲፈሰክ አንድ ብርጭቆ ይቀዳለታል። ዳግማ ትንሣኤ ሳይደርስ ጠዋት ጠዋት መጠጣት ይጀምራል። ፀበልም ሄዷል፣ ሸንኮራ ዮሐንስም፣ ጻድቃኔ ማርያምም። ፀበሉን አልነቅፍም፣ የእምነቴ ነው፤ እዚያ እስካለ ድረስም አይጠጣም ነበር። ችግሩ ተመልሶ መናኸሪያ ሲወርድ ነው። ጓደኞቹ በር ላይ ቆመው «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ይቀበሉታል። ከልባቸው ነው ደግሞ። ደስታቸውን የሚገልጹበት ሌላ መንገድ ስለማያውቁ ይዘውት ይገባሉ።

ስለዚህ የጎደለው ምክር አይደለም። ምክርማ ሞልቷል። አንድ የጤና ተቋም ወስጄው ነበር። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም። «ወንድሜ፣ ተወው፣ ጉበትህን ይጎዳዋል» አለው። ይህንንማ እኛም ብለነው ነበር። እንደሱ ያሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ እንዳለ ስጠይቀው «የምን ስብሰባ?» አለኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ «አዲስ አበባ ውሰጂው» አሉኝ። አዲስ አበባ የት? እሱን የሚያውቅ የለም።

በመጨረሻ ያገኘነው በሹክሹክታ ነው። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ጎን ይዞኝ ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ወንድም ጋሼ አዲስ አበባ አክስታችን ቤት አረፈና ለወራት እየተመላለሰ ተሰበሰበ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይሉታል፣ በአጭሩ ኤ.ኤ.። ምን እንደሚደረግ ስጠይቀው ሳቀ። «ምንም አይደረግም፣ ይወራል» አለኝ። ወንበር ዙሪያውን ይደረደራል። ሻይ አለ። ተራው የደረሰ ሰው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይናገራል፣ መጠጥ እንዳሸነፈው ይናገራል፣ ከዚያ ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ያወራል። ማንም አያቋርጠውም። ማንም «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» አይለውም። ለእኛ አገር ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው፣ ሳይመክር የሚያዳምጥ ሽማግሌ እኔ አላየሁም። ሲያልቅ ዕቃ ይዞራል፣ ያለው ሳንቲም ይጥላል፣ የሌለው ያሳልፋል። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ማቆም መፈለግ። መሐላ የለም፣ ውግዘት የለም። ዛሬን አልጠጣም ነው የሚሉት። ስለ ነገ ነገ ይታሰባል።

ወንድም ጋሼ እንደነገረኝ ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 አክሮን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደዚያ ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ሆቴሉ ውስጥ ብቻውን ሲንጎራደድ የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ይሰማዋል። እንግዳ መቀበያው ጋ ደግሞ የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ነበር። ወደ ጫጫታው እንዳይገባ ስልክ አነሳና መደወል ጀመረ፤ የማናግረው ሌላ ጠጪ ፈልጉልኝ አለ። በሰው በሰው ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት፣ እሱም ማቆም ያቃተው ሰው ነበር። ሐኪሙ ከ15 ደቂቃ በላይ አልቀመጥም ብሎ መጣ። ከ6 ሰዓት በላይ አወሩ። ዶክተሩ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1935 ነው፣ ማኅበሩም ልደቱን ከዚያ ቀን ይቆጥራል።

ከዚህ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ዝርዝሩ ነው። ሰውየው በጨነቀው ሰዓት ዓይኑ ፊት የሚደወልበት ቦታ ተጽፎ አገኘ። የእኛ ሰው በጨነቀው ሰዓት ምን ተጽፎ ያገኛል? መለኪያ ስንት ብር እንደገባ።

ወንድም ጋሼ ሱቁም ቤቱም እዚህ ስለሆነ ተመለሰ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ በየሳምንቱ የሚመላለሱበት አይደለም፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። በበይነ መረብ የሚደረግ ስብሰባ አለ። ኔትወርክ ሲኖር ይገባል፣ ሳይኖር ስልኩን ይዞ ይቀመጣል። አሁን እሱና ጥቂት ሰዎች እኛ ቤት ይገናኛሉ። እኔ ሻዩን አፍልቼ ከቤት እወጣለሁ፣ የሚወራው እዚያው ይቀራል። ግን ቤታችን ጠባብ ነው፣ ጎረቤትም ዓይን አለው። አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ ጥቂት ወንዶች በር ዘግተው ሲቀመጡ «ምን እየተባለ ነው?» ያስብላል። እንዲህ ላለው ሰው የእናንተ አንድ ማኅተም ትልቅ ነገር ነው።

ይህንን ደብዳቤ እሱ ያልጻፈበት ምክንያት አለው። ፈርቶ አይደለም። የማኅበሩ ልማድ አባል የሆነ ሰው በጋዜጣም በሬዲዮም ማንነቱን እንዳይገልጽ ነው። እኔ አባል አይደለሁም፣ እህት ነኝ፣ ስለዚህ ብዕሩ እኔ እጅ ገባ። እኔም ስሜን ያልጻፍኩት የእኔ ስም የሱ ስም ስለሆነ ነው። ደብረ ብርሃን አድጋለች ብንልም የማንን እህት የማያውቅ የለም።

ክፍሉ የት ይሁን? እኛ ብዙ አውርተንበታል። ቀበሌ አይሆንም፣ ቀበሌ የገባ ሰው የተከሰሰ ይመስላል። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለእኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ከሰዎቹ አንዱ ሙስሊም ነው፤ የሱ ገበና ደግሞ ከእኛም የባሰ ነው፣ ቤቱ ጨርሶ ሊታወቅ አይገባም። ጤና ጣቢያ ጥሩ ነው። እሁድ የስልጠና ክፍሉ ባዶ ነው። የጤና ጣቢያ በር የገባን ሰው «ምን ሊያደርግ ነው?» የሚል የለም። በሽተኛ ሊጠይቅ ይሆናል። ምሳ ዕቃ ከያዘማ ጭራሽ የሚጠረጥረው የለም። ሰዓቱ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሁን። ቅዳሴ አልቋል፣ ብርዱ አልጀመረም፣ ባጃጅ አለ። ለጠጪ ደግሞ እሁድ ከሰዓት ክፉ ሰዓት ነው፤ ሥራ የለም፣ ጓደኛ ይደውላል።

ማስታወቂያውን ጽፌላችኋለሁ፣ እንዳትቸገሩ፤ «መጠጥ ማቆም ለምትፈልጉ። ዘወትር እሁድ 9 ሰዓት፣ የስልጠና ክፍል። ስም አይመዘገብም። ክፍያ የለም።» ይኸው። ካርድ ክፍል ይለጠፍ፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ይለጠፍ፣ ክትባት ክፍልም፣ ሚስትና እናት የሚያነቡት እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መጸዳጃ ቤት በሩ ላይ፣ ከውስጥ በኩል። እንዳትስቁ። ይሉኝታ የያዘው ሰው ማንም ሳያየው ቆሞ የሚያነብበት ሌላ ቦታ የለም።

አሁን ወደ በጀቱ ልምጣ። የእነሱ ደንብ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲችሉ ነው፣ ከውጭ ገንዘብ አይቀበሉም። ለክፍሉ ትንሽ ኪራይ ብትጠይቁ ይከፍላሉ፣ ደስ ይላቸዋል። የመንግሥትም፣ የሃይማኖትም፣ የፓርቲም ክንፍ አይሆኑም። ስለዚህ እባካችሁ፣ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት አታድርጉ። ባነር አታሠሩ። አስተባባሪ ኮሚቴ አታቋቁሙ። ፎቶ አንስታችሁ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። ከምንም በላይ የተሰብሳቢ ስም ዝርዝር አትጠይቁ፣ በፆታ፣ በዕድሜና በቀበሌ ተለይቶ ለሩብ ዓመት ሪፖርት ይቅረብ አትበሉ። ሪፖርት እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ፣ እኔም ስንቱን ፋይል አድርጌያለሁ። ካስፈለጋችሁ «ክፍሉ በየሳምንቱ ተከፍቷል» ብላችሁ ጻፉ። ስም የተጻፈ ቀን ሰው ይቀራል። የቀረ ሰው የት እንደሚሄድ ደግሞ ታውቃላችሁ።

ስብሰባው ሕክምና አይደለም፣ ነው ብዬም አላታልላችሁም። የእናንተ ሥራ የሆነ፣ እኛ ልንነካው የማንችለው ነገር አለ። እሱም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊሞት ይችላል። ብዙ ሰው ይህንን አያውቅም። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል። በሁለት ቀን ውስጥ አረፋ አስደፍቆ የሚጥል ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ሰው አይለይም። ቤተሰብ ይህንን ሲያይ «ያዘው» ብሎ ያስረዋል፣ ወይም በር ይቆልፍበታል። ሰውየው ግን የሚያስፈልገው አልጋና ሐኪም ነው። ዳያዜፓም የሚባለው መድኃኒት በባለሙያ እጅ ሲሰጥ ያንን ቀን ያሻግራል። ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ 1 አእምሮን ከጉዳት ያድናል፣ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት መሰጠት እንዳለበትም ባለሙያዎቻችሁ ያውቃሉ። እነዚህ ሁለቱ በየጤና ጣቢያው ይኑሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ምን ያህል ትጠጣለህ፣ ጠዋት ለመነሳት ያስፈልግሃል ወይ እያለ ይጠይቃል። ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ለደም ግፊት የመጣውን ሰው ሁሉ ጠይቁት። «ትጠጣለህ?» ሲሉት «አልፎ አልፎ» ነው የሚለው፣ ስለዚህ ሁሉንም 10 ጠይቁት። ለከበደው አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ግን ሁሉም አማኑኤል የሚያስኬድ አይደለም፤ የብዙው ሰው ጉዳይ እዚሁ ያልቃል።

ፀበል ለሚሄደውም እንዲሁ ነው። ይሂድ። መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ ይታይ። ይህንን አባቶች ቢናገሩት ከእናንተ ፖስተር ይልቅ ይሰማል፣ አነጋግሯቸው።

ስለ ሴቶች ማንም አያወራም፣ እኔ ላውራ። እኛ አገር አረቄ የሚያወጣ ሴት ነው። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በሱ ነው፣ አተላው ከብት ያደልባል፣ ስለዚህ «አረቄ ይከልከል» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ነገ ቢከለከል ማታ ምን እንደሚበሉ የሚነግረኝ የለም። ግን ቀኑን ሙሉ ድፍድፉ ላይ ተጎንብሳ፣ በእንፋሎቱ እየታጠነች፣ የወረደውን «ደርሷል ወይ?» ብላ የምትቀምሰው እሷ ናት። ቅምሻው ሳታውቀው መጠጥ ይሆናል። ወንድ ሲሰክር «ሰከረ» ይባላል፣ ያልፋል። ሴት ስትሆን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይደብቃታል። ወንዶቹ ያሉበት ክፍል እሷ አትገባም። ለሴቶች ሌላ ሰዓት ይኑር፣ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ሲወጡ ቢሆን ይሻላል፣ ዘንቢል ይዛ የወጣች ሴት የት ሄደች አትባልም። እኔ ደግሞ ለጠጪ ቤተሰቦች የሚሆን ስብሰባ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። አላኖን የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የዚያው የቢል ዊልሰን ባለቤት ከጓደኛዋ ጋር የጀመሩት ነው። ሱቁን ተክቶ የሚከፍተው፣ ዕዳ የሚከፍለው፣ «አሞት ነው» ብሎ ለደንበኛ የሚዋሸው ቤተሰብ ነውና። እሱ ግን ቆይቶ ይምጣ።

ስለ ደብረ ብርሃን ብቻ የጻፍኩት እዚህ ስለምኖር ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ አረርቲ፣ ዓለም ከተማ፣ ሁሉም ጋ ጤና ጣቢያ አለ፣ ሁሉም ጋ እሁድ ባዶ የሚውል ክፍል አለ። የመንዝ ሰው ለአንድ ሰዓት ወሬ ደብረ ብርሃን ድረስ አይመጣም። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣ አትዝጉት። አክሮንም የተጀመረው በሁለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍሉ ከፋሲካ በፊት ቢገኝ ይሻላል። ሁዳዴን ሳይጠጡ የሚከርሙ ብዙ ሰዎች አሉ፣ ብዙዎቹም በዓሉ ሲመጣ ልባቸው ይፈራል። ማስታወቂያው በሆሳዕና ሳምንት ከተለጠፈ ዳግማ ትንሣኤ ላይ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ከዚያ ካለፈ ደግሞ እስከ ፍልሰታ ልንጠብቅ ነው።

ስሜን ስላልጻፍኩ መልስ የምትልኩበት አድራሻ የለኝም። መልሱን ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፣ እናየዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የልብስ ሰፊው እህት

ግልባጭ፦
ለእድር ዳኞችና ለጽዋ ማኅበር ሙሴዎች። ጠላ ስታቀርቡ አጠገቡ ለስላሳ ይኑር። «አልጠጣም» ላለ ሰው ደግሞ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» አትበሉት።